መቀነት በላ የተባለው ማሽን

ጎጃም ሙግት አይጠላም። የድንበር ሙግት፣ የርስት ሙግት፣ የቅኔ ሙግት ሲሰማ የኖረ አገር ነው፤ አሁን ደግሞ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉ ግቢዎች አዲስ ተከሳሽ ቆሟል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ክሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረተው በጥምቀት ወይም በሠርግ ማግስት ነው። ረጅሙ መቀነት፣ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጋቢና የአባወራው አረንጓዴ ቁምጣ እንደ ተገኙ ይጠቀጠቃሉ፤ በላያቸው ኦሞ በልግስና ይነሰነሳል። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲከፈት የሚወጣው አንድ ትልቅ፣ እርጥብ፣ ራስና እግሩ የማይለይ ድቡልቡል ነገር ነው። መቀነቱ ጋቢውን ዞሮ ዞሮ አንቆታል። የነጠላው ቁጭት ከቁምጣው ቁልፍ ጋር ተጋብቷል። ነጭ የነበረው ሁሉ ወደ አረንጓዴ አዘንብሏል። ዳኛው፣ ከሳሹና ምስክሩ አንድ ሰው ስለሆኑ ፍርዱ አይዘገይም፤ "ድሮም ማሽን የአገር ልብስ አያውቅም፤ በላው!" ይባላል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ዳንቴል ለብሶ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኖ ሳሎን ውስጥ ይኖራል።

ይህ ተከሳሽ ጠበቃ ሳያቆም የተፈረደበት ነውና አንድ ሰው ይቁምለት። የመከላከያው ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ልብሱን ያጠላለፈው ርዝመቱ ነው። ረጅም ጨርቅ ታጥፎና ታስሮ ካልገባ፣ ማሽኑ ከየትም አገር ይምጣ፣ መጠላለፉ አይቀርም። ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ከፈረስ ቤት ይመጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለፖሎ ጨዋታና ለስፖርት የሚያገለግሉ ፈረሶች ቅልጥማቸው ላይ ለስላሳ ጨርቅ ይጠቀለልላቸዋል፤ ዱላና ኳስ እግራቸውን እንዳይመታው፣ አንዱ ኮቴ ሌላውን እግር እንዳይጎዳው። የአንዱ ጥቅል ርዝመት ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ፈረስ ደግሞ አራት እግር ስላለው ከአንድ ልምምድ በኋላ ከአሥር ሜትር በላይ ጭቃ የጠጣ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ፈረሰኞቹም እንደኛው ማሽኑን ሲረግሙ ኖረው በመጨረሻ ወግ አበጁለት፤ ድርቆሹንና ጠጉሩን አራግፎ፣ ጫፉን አጣብቆ፣ በመረብ ከረጢት አስገብቶ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፤ ከዚያ በአየር ማድረቅ። ሥራው ያለቀው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ አገር ፈረስ በዚህ ጉዳይ ቀላል እንግዳ ነው። እግሩን ለነፋስ ትቶ ጌጡን ሁሉ ወደ ላይ ያወጣል፤ ግንባሩ ላይ መርገፍ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል፣ ጀርባው ላይ ኮርቻና ግላስ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ከጉልበት በላይ ባለው ፈረስ ላይ ነው። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀም እስከ ዛሬ በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ተብሎ ይወደሳል፤ የአወዳሹ ግጥም ስለ ፈረሱ እጥበት የሚለው ነገር ግን የለም። ጥቅሉን ለሰው ትተነዋል። ሴቷ ወገቧን በመቀነት ትዞረዋለች፤ ካህኑ ራሱን በጥምጣም ይዞረዋል። ምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅን የመሰሉ የሊቃውንት ደብሮች ያሉበት አገር ስለሆነ የጥምጣም ድሃ አይደለም። በሦስተኛ ደረጃ የነጠላና የኩታ ቁጭት ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ዘለላ አጭር ቢሆንም ብዛቱ ርዝመቱን ይክሳል። ስለዚህ የባህር ማዶው ፈረሰኛና የቢቸናዋ እመቤት ሳይተዋወቁ አንድ ችግር ይጋራሉ።

ሁለተኛው ምስክር ከሳይንስ ቤት ነው፤ ስሙንም ይሰጣል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዶሪያን ሬይመርና ዳግላስ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ገመድ ሳጥን ውስጥ እየጨመሩ ሳጥኑን በማሽከርከር የደረሱበትን አሳተሙ። ሙከራውን ከ3 ሺህ ጊዜ በላይ ደጋግመውታል። (ይህን ያህል ጊዜ ሲደጋግሙ ቤተሰባቸው ምን ይል እንደነበር አልተጻፈም።) ገመዱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ራሱን በራሱ ይቋጥራል፤ ያገኟቸው የቋጠሮ ዓይነቶችም 120 ያህል ነበሩ። ከግማሽ ሜትር ያነሰው ገመድ ግን ለመቋጠር ዳገት ሆኖበታል፤ ርዝመቱ እየጨመረ ሲሄድ የመቋጠሩ ዕድልም አብሮ ያድጋል፤ ጠንከር ያለ ገመድ ከልፍስፍሱ ይልቅ ይተርፋል። ለእኛ ሙግት ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ሳጥኑ ሲጠብ፣ ገመዱ እንደ ልቡ የሚንፈራገጥበት ቦታ ሲያጣ፣ ቋጠሮው ይቀንሳል። ልብ ይባል፤ ያ ሳጥን ውኃም፣ ሳሙናም፣ ጋቢም አልነበረበትም። ገመዱ ብቻውን፣ ከማንም ሳይጣላ፣ ተቋጠረ። ሰዎቹ በ2008 ኢግ ኖቤል የተባለውን፣ መጀመሪያ አስቆ ቆይቶ የሚያሳስብ ግኝት የሚሸለምበትን ሽልማት ወሰዱ። ቢቸና ላይ ቢሆን ኖሮ ሳቁ ቀድሞ ያልቅ ነበር፤ ከሠርግ ማግስት መቀነት የሚፈታ ሰው ሳይንሱን በጣቱ ያውቀዋል።

ከሁለቱ ምስክሮች የሚወጣው ሥርዓት ለመቀነት ልክ ይመጣል። መቀነቱን ወለል ላይ ዘርግቶ፣ በክንድ ልክ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ መደራረብ ነው። ክንድ ማለት ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ነውና ከግማሽ ሜትር አይርቅም፤ ሳይንቲስቶቹ ቋጠሮ የጠፋበት ካሉት ርዝመት ጋር መገናኘቱ የአያቶች ልኬት ገና ሥራ እንዳልፈታ ያሳያል። የተደራረበውን በሁለት ቦታ በነጭ ቁራጭ ጨርቅ ላላ አድርጎ ማሰር፤ ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላ። ከዚያ በመረብ ከረጢት ማስገባት፤ ከረጢቱ ከሌለ የትራስ ልብስ አፉን አስሮ መጠቀም። አንዳንድ ብልህ ሰው የሽንኩርት መረብ ሊያስብ ይችላል፤ ይቅርበት። ሻካራ ነው፣ ክር ይመዛል፣ ሙሽራዋንም ወጥ ወጥ ያሸታታል። ጥምጣምም በዚሁ መንገድ ይታጠፋል። ለነጠላ ደግሞ ቁጭቱን በሁለቱም ጫፍ እንደ ሹሩባ ለቀቅ አድርጎ ጎንጉኖ ጫፉን ማሰር ይበቃል፤ ታጥቦ ሲደርቅ ተፈቶ በእጅ ይበጠራል። ይህ ሁሉ አንድ ስኒ ቡና ከመቀዝቀዙ በፊት ያልቃል፤ ድቡልቡሉን ለመፍታት ግን ሦስቱም ስኒ አይበቃም፤ በረካው ተጠጥቶም ገና ጫፉ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ከችሎቱ ኋላ አንድ ድምፅ ይነሣል፤ "ታጥፎ የታሰረ ልብስ ውስጡ እንዴት ይጠራል?" ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግማሹም እውነት አለው። እንደ ፋሻ ድርቅ አድርገው የጠቀለሉት ጨርቅ መካከሉ ሳሙና ሳያይ ይወጣል፤ ለዚህ ነው መጠቅለልን ትቶ ማጠፍ፣ አጥብቆ ማሰርን ትቶ ላላ ማድረግ የሚያስፈልገው። በላላ እጥፋት መካከል ውኃ እንደ ልብ ይመላለሳል። ዳሩ ግን የዚህ ክርክር ትልቁ ክፍል ሌላ ቦታ ነው፤ ከባዱ እድፍ በመሽከርከር ብዛት አይወጣም፤ አስቀድሞ በመዘፍዘፍ ነው የሚለቀው። የቢቸና ዙሪያ ጥቁር መሬት ጤፍ ሲያበቅል የተመሰገነ ነው፤ ጭቃው ግን ከቀሚስ ዘርፍ ጋር ዘላቂ ዝምድና ይፈጥራል። ደርቆ ተራግፎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ካልለቀቀ ማሽኑ ለቀሪው ልብስ ሁሉ እኩል ያካፍለዋል። ከራስ ላይ ነጠላ የጠጣው ቅቤ ደግሞ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይፈልጋል። የአልጫ ነገር የባሰ ነው። እርድ የነካው ጋቢ ሳሙና ሲያገኘው ቢጫው ቀይ ይሆናል፤ ይህ የእርድ ተፈጥሮ ነው፤ አልካሊ ሲያገኝ ይቀላል፤ ሳሙናው በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል፤ ቢጫውንም ቢሆን ፀሐይ ቀስ በቀስ ታደበዝዘዋለች። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ክዳኑን ከፍቶ ቀይ ጋቢ ሲያይ "ማሽኑ ደግሞ ቀለም ጨመረበት" ይላል። በዚህ አገር በአልጫ ጥፋት የተወነጀለ ማሽን ቁጥሩ ቀላል አይመስልም።

አረንጓዴው ቁምጣም እንዲሁ የራሱን ኃጢአት በሰው ያሳብባል። አዲስ የተነከረ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ቀለም መልቀቁ በወንዝም፣ በገንዳም፣ በማሽንም ያው ነው፤ ልዩነቱ ወንዙ ቀለሙን ይዞት መሄዱ ብቻ ነው። ማሽኑ ግን እያጠበ ውኃውን ስለማይለቅ ጎረቤት ላለ ነጭ ሁሉ ያድላል። ደማቅ ጥለት ያለው ቀሚስ ከሆነ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጎ ማየት ነው፤ ነጩ ላይ ቀለም ከቀረ ያ ቀሚስ ገና ከሌላ ጋር አይታጠብም፤ ሙቅ ውኃም አያይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ ከእናቶች ስለሚመጣ። የአገር ልብስ የሚያምርበት በወንዝ ዳር፣ በእንዶድ፣ በእግር ሲረገጥ ነው ይላሉ። ስለ እንዶድ የሚሉት እውነት ነው። ፍሬው ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለው፤ እድፍ ያላቅቃል፤ ለሸማም ይመሰገናል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥማ የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ የትውልድ መንደር እንዶዳም ነው የሚባለው። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ነው፣ ቢልሃርዝያን የሚያሠራጩት ቀንድ አውጣዎች በዚህ ፍሬ እንደሚሞቱ ያረጋገጠው፤ ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብሏል። አጣቢዎቹ ሳያውቁት ልብስም በሽታም ያጥቡ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ እንዶድን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን የወንዙን እጥበት ረጋ ብለው ቢያዩት ለማሽኑ ጠበቃ ይመሰክራል። እዚያ መቀነት ዝም ብሎ ተዘርግቶ አይረገጥም፤ ተሰብስቦ፣ ተደራርቦ ነው ድንጋዩ ላይ የሚቀመጠው። ጋቢ ሲጨመቅ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይጠመዝዘዋል፤ ሲያበቁም በዚያው መንገድ መልሰው ይፈቱታል። ረጅም ጨርቅ ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ወንዙ ያውቃል። እኛ ግን ቤት ስንገባ ተቆጣጣሪውን ወንዝ ዳር ትተን ልብሱን ብቻ ይዘን መጣን። የሁለቱን ሰው ሥራ አሁን የሚሠራው ያ የትራስ ልብስ ነው።

በእንዶድ ፈንታ የገባው የዱቄት ሳሙናም አንድ ነገር ይባልበት። በእጅ ለማጠብ የተሠራ ዱቄት አረፋው ብዙ ነው፤ አረፋ ደግሞ ዓይን ደስ ቢያሰኝም ማሽን ውስጥ ልብስ ከልብስ እንዳይፋተግ ፍራሽ ሆኖ መካከል ይገባል። ስለዚህ ሳሙና ያበዛ ሰው ልብሱን አስተኛው እንጂ አላጠበውም። በእጥፋት መካከል ገብቶ የቀረ ሳሙናም ሲደርቅ መቀነቱን ያደርቀዋል፤ ወገብ ላይ ሲታሰር ይኮሰኩሳል።

ማሽኑ ራሱ ፍጹም ንጹሕ ነው ብሎ መከራከር ግን ጥብቅናን ማብዛት ይሆናል። ማሽንና ማሽን ይለያያል። ከላይ የሚከፈተው፣ ታችኛው ላይ የሚዞር ሳህን ያለው፣ ውኃውን እንደ አዙሪት ስለሚያዞረው ረጅም ጨርቅ ያከርራል። ከፊት የሚከፈተው ልብሱን ከፍ አድርጎ መልሶ ስለሚጥለው ማክረሩ ይቀንሳል። ሁለቱም ሲጨምቁ በደቂቃ ከ1 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከሩ ይችላሉ፤ በእጅ የተፈተለ ማግ ለዚህ ፍጥነት አልተፈተለም፤ ፍጥነቱ የሚመረጥ ከሆነ ከ400 እስከ 600 ዙር ይበቃዋል። ጋቢ ሌላ ጠባይ አለው። አራት እጥፍ ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ብቻውን ሲገባ በአንድ ጎን ይከመርና ማሽኑን ሚዛን ያሳጣዋል። ያን ጊዜ ነው ማሽኑ ቤቱን እያናወጠ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ በሩ የሚሄደው፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ባይዘው ደጀን ይደርስ ነበር። መድኃኒቱ ጓደኛ መስጠት ነው፤ ሌላ ጋቢ ወይም ሁለት ወፍራም ፎጣ በተቃራኒው ጎን። የጋቢው ድርብርብም እርስ በርሱ እንዳይንሸራተት አራቱን ማዕዘን በረጅም ስፌት ጠለፍ ማድረግ ይጠቅማል፤ ክሩ ሲደርቅ ይመዘዛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከተግባር ሰዎች ነው፤ "መብራት ሲሄድስ? ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳስ?" ይህን መልስ የለውም ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ መብራት መሄዱን በክርክር ማስቀረትም አይቻልም። ከፊት የሚከፈተው ማሽን መካከል ላይ መብራት ሲሄድበት በሩን ቆልፎ የሙሽራዋን መቀነት ውስጡ ይዞ ይቀመጣል፤ ሠርጉ ግን ቅዳሜ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቤት ከሁሉም የሚሻለው ያ ብዙ የማይከበረው፣ ሁለት ጉድጓድ ያለው ማሽን ነው። በአንዱ ያጥባል፣ በሌላው ይጨምቃል፤ ውኃው በባልዲ ይጨመርለታል፤ ክዳኑም በፈለጉት ጊዜ ይከፈታል። መብራት ከጠፋ እጥበቱ በእግር ይቀጥላል፤ ሲመጣ መጭመቁ ብቻ ለማሽኑ ይተውለታል። ክረምት ላይ ደግሞ ማሽን የሚከፍለው ውለታ ይኸው መጭመቅ ነው። ቢቸናም ሞጣም ደጋ ናቸው፤ ሐምሌ ላይ በእጅ የተጠመዘዘ ጋቢ ገመድ ላይ ቀናት ውሎ አድሮ መሽተት ይጀምራል፤ በማሽን የተጨመቀው ግን ለፀሐይ ፍንጣቂ ዝግጁ ሆኖ ይወጣል። "ማሽን ሴት ያሰንፋል" የሚልም አይጠፋም፤ ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ጋቢውን የሚለብሱት እንጂ የሚጨምቁት አይደሉም፤ ክርክራቸው ምስክር ስላላቀረበ ይለፍ።

አንድ ክስ ግን ይቀራል፤ ጠበቃውም ቆሞ ጥፋቱን የሚያምንበት። ሞጣ ከጮቄ ተራራ እግር ሥር ናት፤ ብርዱ ከባድ ስለሆነ የበግ ጠጉር ሥራ፣ ባናውም በርኖሱም፣ እንደ ጋቢ ሁሉ የቤት ሀብት ነው። ጥጥ ተጠላልፎ ይፈታል። የበግ ጠጉር ግን እያንዳንዱ ዘለላ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ ሙቀት፣ ሳሙናና መሽከርከር አንድ ላይ ሲያገኙት ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ይኮማተራል፤ ይጠብቃል፤ ኋላ ይግባኝ ቢሉ፣ ሽማግሌ ቢልኩ፣ ወደ ነበረበት አይመለስም። ማጠፍም፣ ማሰርም፣ የትራስ ልብስም አያድነውም። በርኖስ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጅ፣ ሳይታሽ ተጨፍልቆ፣ በጥላ ተዘርግቶ ይደርቃል። ይህን ችላ ብሎ ከጋቢው ጋር ሙቅ ውኃ ውስጥ የጨመረው ሰው፣ ለአባወራው የተሠራውን በርኖስ ለትንሹ ልጅ ያወርሰዋል፤ ያውም ልጁ እስኪደርቅ ድረስ ካላደገ።